ድፎው ሲደፋ ነፍሰ ጡሯ የት ነበረች?



በዚህ ዓምድ ከሒሳብ ክፍል የምትጠብቁት የገቢና የወጪ ዘገባ እንደሆነ እናውቃለን። እሱ በሚቀጥለው እትም ይወጣል። ዘንድሮ ግን ከመካከላችን አምስት ነፍሰ ጡሮች አሉን፤ ይህን የምትጽፈው የሒሳብ ሠራተኛችሁም አንዷ ናት፣ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ኮሚቴው የበዓሉን ዝግጅት ለመነጋገር ሲቀመጥ የመጀመሪያው ጥያቄ “ድፎውን ማን ይደፋል?” የሚል ነበር። ከዚያ ወሬው ወደ እናቶቻችን፣ ከእናቶቻችን ወደ አያቶቻችን ሄደ። ነፍሰ ጡር በነበሩ ጊዜ በዓልን እንዴት አለፉት? የሰማነውንና ያነበብነውን አንድ ላይ አድርገን እዚህ አቅርበነዋል።

ከቃሉ እንጀምር። እንጀራ ይጋገራል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ጠጅ ይጣላል፣ ቡና ይፈላል፤ ድፎ ግን ይደፋል። ሊጡ ኩፍ ካለ በኋላ ኮባ በተነጠፈበት ጥልቅ ምጣድ ላይ አንድ ጊዜ ይገለበጣል፣ በሌላ ኮባ ይሸፈናል፣ ይከደናል፣ ከታች ይነድዳል፣ ከክዳኑ ላይም ፍም ይደረጋል። መከራ ከየአቅጣጫው የመጣበትን ሰው “እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት” የምንለው ከዚህ ነው። የአራትና የአምስት ኪሎ ዱቄት ሊጥ አቡክቶ፣ አንሥቶ፣ ሳይቀደድ መድፋት ጉልበት ይጠይቃል። ለመሸከምና ለማቃጠል የሚበቃውን እንጨት፣ ዓይን የሚያስለቅሰውን ጭስ፣ “አሁን በሰለ ይሆን?” እያሉ እስከ ሌሊት መጠበቁን እንጨምርበት። ዘጠኝ ወር የሞላት ሴት ይህን ሁሉ ብቻዋን ትሠራ ነበር ወይ?

ስንዴና ገብስ በአገራችን የክብር እህል ከሆኑ ቆይተዋል። በ4ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ንጉሥ ኢዛና ባሳተመው የወርቅ ገንዘብ ላይ የንጉሡን ምስል ከግራና ከቀኝ የእህል ዛላ ከብቦት ይታያል። ለእኛ ለሒሳብ ሰዎች ይህ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ገንዘቡና እህሉ ባንድ ሳንቲም ላይ ተገናኝተዋልና። ዛላውን ወቅታ፣ አበጥራ፣ ፈጭታ ዳቦ ያደረገችው ሴት ግን በሳንቲሙ ላይ የለችም።

በጽሑፍ ወደ ቀረው ታሪክም ስንመጣ ነገሩ ያው ነው። በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ እቴጌ ጣይቱ ያደረጉት ግብር በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ታሪክ ውስጥ ሰፍሯል። ምን እንደቀረበ፣ ግብሩ ምን ያህል እንደደመቀ እናነባለን። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚበቃው ዱቄት በአብዛኛው በእጅ ወፍጮ፣ በመጅ የተፈጨ ነው፤ ፈጪዎቹ ስም የላቸውም። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ከዘመተው ሠራዊት ጋርም እጅግ ብዙ ሴቶች ሄደዋል። ስንቅ ተሸክመው፣ ውኃ ቀድተው፣ በሰፈሩበት ሁሉ ፈጭተውና ጋግረው ሠራዊቱን አብልተዋል። ዳቦ ቆሎን የሚያህል የመንገድ ስንቅም የእነሱ እጅ ሥራ ነው። ስንቶቹ ነፍሰ ጡር እንደነበሩ የቆጠረ የለም።

ቀጥሎ ፉርኖ መጣ። ፉርኖ የጣሊያንኛ ቃል ነው፣ የዳቦ ምድጃ ማለት ነው። ዳቦ ቤቶች በከተማ ሲበዙ የዘወትሩ ዳቦ ከቤት ወጥቶ ወደ ሱቅ ሄደ፤ በዳቦ ቤትም በደመወዝ የሚጋግረው በአብዛኛው ወንድ ሆነ። የበዓሉ ዳቦ ግን በቤት፣ በሴቷ እጅ፣ ያለ ደመወዝ ቀረ። በመዝገብ ቋንቋ ብንናገር፣ ያው ሥራ በአንዱ ቤት ወጪ ሆኖ ተጻፈ፣ በሌላው ቤት ምንም ሳይጻፍ ታለፈ። የሴቷ ክፍያ “እጅሽ ይባረክ” ነው። አባወራው ባርኮ ይቆርሳል፣ የተቀመጠው ሁሉ አሜን ይላል፣ እሷ ገና ሽሮና ዶሮ ወጡን ለማቅረብ ደፋ ቀና ትላለች። “እጅሽ ይባረክ”ን አንንቀውም፤ ከልብ ሲባል ድካም ያስረሳል። ሊጥ ግን አያቦካም።

አሁን ወደ ጠየቅነው ጥያቄ እንመለስ። ከመሥራቾቻችን መካከል ሁላችንም እማማ የምንላቸው እናት፣ ልጆቻቸውን የወለዱት በደርግ ዘመን በቀበሌ ቤት ግቢ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሆነበት አዋጅ ቁጥር 47 በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ሲወጣ ብዙ ሰፊ ግቢዎች ተከፋፍለው ለተለያዩ ቤተሰቦች ተሰጡ። አንድ የውኃ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ፣ አንድ ማድ ቤት ለስድስት ለሰባት ቤት። ያ ኑሮ ጠባብ ነበር፤ በውኃ ወረፋና በቆሻሻ መጣላትም ነበረበት። የናፍቆት ሥዕል ልንሥልለት አንፈልግም። ስኳሩም ዱቄቱም በቀበሌ ሱቅ በራሽን ሲሆን፣ በዓሉ በደረሰ ቁጥር ሰልፉ ነበር።

ነገር ግን ማድ ቤቱ አንድ በመሆኑ እሳቱም አንድ ነበር። እማማ እንደነገሩን የበዓል ዋዜማ ላይ አንዴ የነደደው እንጨት እስከ ሌሊት አይጠፋም፤ የአንዷ ድፎ ሲወጣ የሌላዋ ይገባል። አንዷ ታቦካለች፣ አንዷ ኮባውን ታጥባለች፣ ልጆች ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ይለቅማሉ። ነፍሰ ጡሯ የምትሠራው ተቀምጣ ሽንኩርት መላጥና “ጨው ያንሰዋል” ማለት ነበር። የእሷ ድርሻ ሊጥ በሌሎቹ ክንድ ይቦካል። ይህን ማንም እንደ ውለታ አይቆጥረውም፤ በሚቀጥለው ዓመት እርጉዟ ሌላዋ ትሆናለችና። ከወለል በታች ያለ ብድር ነበር ማለት ይቻላል፤ ያለ ደረሰኝ ይሰጣል፣ ያለ ደረሰኝ ይመለሳል።

“ነፍሰ ጡር” የሚለው ቃል ራሱ ነፍስ የተሸከመች ማለት ነው። እናቶቻችን ቃሉን በቁም ነገር ይዘውት ነበር። ዳቦ ሲሸት ሽታው የደረሳት እርጉዝ ሳትቀምስ መቅረት የለባትም ይባላል፤ ስለዚህ ድፎው ገና በወጉ ሳይቆረስ ከጠርዙ ትንሽ ይቆነጠርና በሳህን ተሸፍኖ ይላክላታል። ይህን ዛሬ አጉል እምነት የሚሉ አሉ። እኛ ግን ጥቅሙ ከእምነቱ ሌላ ነው እንላለን፤ ሳህኑን ይዛ የሄደችው ልጅ እርጉዟ እግሯ አብጦ እንደሆነ፣ ፊቷ ተለውጦ እንደሆነ አይታ ትመለሳለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ባልነበረበት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወሯ ሲገባ ደግሞ ጎረቤት ተሰብስቦ የገንፎውን እህል ይለቅማል፣ ይቆላል፣ ያስፈጫል። ቅቤውም አስቀድሞ ይነጠራል። ገብስ ይገባል፤ አጃ የተገኘ እንደሆነ ደግሞ ለአራስ ወገብ ይጠግናል ተብሎ በጣም ይፈለጋል። ወልዳ “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ስትባል ቤቷ ባዶ አይደለም። ልጁም ከዳቦ ጋር ያድጋል፤ ዳቦ ተቆርሶ የዳቦ ስም ይወጣለታል፣ ለቡሄ ሙልሙል ይጋገርለታል። ከትግራይ የመጡ እኅቶቻችን በልጁ ልደት ሕምባሻ በጀርባው ላይ እንደሚቆረስ ነግረውናል። ሙስሊም እኅቶቻችንም ለኢድ በየቤቱ የሚላላኩት ሳህን እርጉዝ ያለችበትን በር እንደማያልፍ ይናገራሉ።

ይህ ሁሉ ግን ከሞት አላዳነም፤ ልንሸፍነው አይገባም። የእማማ የመጀመሪያ ልጅ ከነጎረቤቱ ርኅራኄ ቤት ውስጥ ተወልዶ ቤት ውስጥ ሞቷል። በአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 በጤና ተቋም የወለዱት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 26 ደረሱ፣ በ2019 ደግሞ 48። ከ100 ሺህ በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱ እናቶች ቁጥርም በ2000 ከነበረበት 871 በ2016 ወደ 412 ወርዷል። 412ም ብዙ ነው። ቢሆንም ቁጥሩን ያወረደው አዋላጇ፣ አምቡላንሱና ጤና ጣቢያው ነው እንጂ ገንፎው ብቻውን አይደለም። በገጠር አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ሠርተው ገንፎውንም ቡናውንም እዚያው ማዘጋጀታቸው በጣም ያስደስተናል፤ እናቲቱ ከሁለቱ አንዱን እንድትመርጥ አላስገደዷትምና።

በከተማ ግን ክቡ ተበተነ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣላቸው የአንድ ግቢ ሰዎች አንዷ በከተማው በአንዱ ዳር፣ ሌላዋ በሌላው ዳር፣ አንዷ ምድር ቤት፣ ሌላዋ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኑ። ቤት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ የራሷ ቧንቧና የራሷ በር ያላት ሴት ወደ ወረፋው መመለስ አትፈልግም። ነገር ግን ድፎ ለመድፋት ወይ በጠባቧ ኩሽና በኤሌክትሪክ ምጣድ ትጋግራለች፣ ወይ እንጨቷን ይዛ ወደ ግቢው ኮሚናል ትወርዳለች። መብራት የሚጠፋው ደግሞ ሊጡ ኩፍ ባለ ሰዓት ነው፤ ይህን የማያውቅ የበዓል ዋዜማ አላየም። ጎረቤቷ ስሟን ላታውቅ ትችላለች። ሆዷ ገፍቶ ደረጃ የምትወጣውን ሴት የድፎው ሊጥ ብቻዋን የሚጠብቃት እንዲህ ሆኖ ነው። ዳቦው የእናቶቻችን ነው፣ ሠራተኞቹ ግን ከስድስት ወደ አንድ ወርደዋል።

ሕጉ በበኩሉ ተሻሽሏል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ ያለው 90 ቀን ሆኗል፣ በድምሩ 120 ቀን ከደመወዝ ጋር። ይህን የምትጽፈው አባል ፈቃዷን ታገኛለች። ከአምስቱ ነፍሰ ጡሮቻችን ሦስቱ ግን እንጀራና ዳቦ ጋግረው የሚሸጡ ናቸው፤ ፈቃድ የሚሰጣቸው ቀጣሪ የላቸውም። ለእነሱ በዓል ማለት ገበያ ነው። ዋዜማው ላይ የራሳቸውን አንድ ድፎ ሳይሆን የሰው ስምንትና ዘጠኝ ድፎ ነው የሚደፉት። “ዘንድሮ አትሥሪ” ማለት “ዘንድሮ አትብዪ” ማለት እንዳይሆን ፈርተን ነበር። የጭሱ ጉዳይ ግን ቀልድ አይደለም፤ በቤት ውስጥ የሚጤስ እንጨት ከሕፃን ክብደት ማነስ ጋር እንደሚያያዝ የዓለም የጤና ድርጅት ሲናገር ቆይቷል።

የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. የአገሪቱ ሰው ጊዜውን በምን እንደሚያሳልፍ ባጠና ጊዜ፣ ያለ ክፍያ የሚሠራው የቤት ሥራ በአብዛኛው በሴቶች ትከሻ ላይ እንደሆነ በሰዓት ተለክቶ ታይቷል። እኛም ትንሽ ጥናት የሚመስል ነገር አደረግን። የሦስቱን እኅቶች የዋዜማ ትእዛዝ ተቀብለን፣ ሥራውን በሰዓት ከፋፍለን ለሌሎች አባላት አከፋፈልነው። ሽያጩና ትርፉ የባለ ትእዛዟ ነው፤ ጉልበቱ ከማኅበሩ። በመዝገባችን “የብድር ጉልበት” የሚል አዲስ ዓምድ ከፍተን ማን ስንት ሰዓት እንደሰጠች እንጽፋለን፤ ነገ ወሯ ሲገባ እንዲመለስላት። አንዳንድ አባላት “ደግነት ይጻፋል እንዴ?” ብለው ቅር ብሏቸዋል። የሚሰማን ግን ያልተጻፈው ነው የሚረሳው። ለንጉሥ ግብር የፈጩትን ሴቶች ስም ዛሬ ብንፈልግ የት እናገኘዋለን?

ደጋፊዎቻችን በላኩት ገንዘብ የተገዙት ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣዶች በኮሚናሉ ተተክለዋል፤ በእነሱ ስም እናመሰግናለን። መብራት ቢጠፋ እንጨቱ ዝግጁ ነው፣ ጭሱ ግን ነፍሰ ጡሮቹ ከሚቀመጡበት ክፍል አይደርስም። ባሎችም ተጠርተዋል። ኮባ መሸከምና እንጨት መፍለጥ ተሰጥቷቸዋል፤ ሁለቱ ማቡካትም እንችላለን ብለዋል፣ እናያለን።

ዱቄቱ ታኅሣሥ 25 ይከፋፈላል፣ ኮባው በ26 ይመጣል፣ እርሾው ከእማማ ቤት ነው። የመጀመሪያው ድፎ ሲወጣ ከጠርዙ አምስት ቁራሽ ተቆንጥሮ ለአምስቱ ይቀርባል። በዋዜማው ተረኛ የሆናችሁ ሽርጥና የራሳችሁን ወንፊት ይዛችሁ ኑ፤ ያለን ወንፊት ሁለት ብቻ ነው።