ሲጄ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2004 ሦስት ወር ብቻ ተራርቀው ሁለት ነገሮች ወጡ። በሐምሌ፣ በእኛ 1996 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አተመ። ኦክቶበር 26 ላይ ደሞ ኤዲንብራ፣ ስኮትላንድ ያለው ሮክስታር ኖርዝ የሠራው «ግራንድ ቴፍት ኦቶ፦ ሳን አንድሪያስ» በፕሌይስቴሽን 2 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ቀረበ። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች ስለ ሲጄ ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝም። መቐለ ላይ ግን ሁለቱ ለዓመታት አንድ ክፍል ውስጥ ኖረዋል። ክፍሉ ፕሌይስቴሽን ቤት ይባላል።

የእኔ ዕድሜ ያላችሁ ክፍሉን ታውቁታላችሁ። መስኮቱ በካርቶን የተደፈነ፣ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ገመዱ በፕላስተር የተጠቀለለ ጆይስቲክ። ኳስ በጨዋታ ይከፈላል። ተሸናፊ ይነሳል፣ ተራ ጠባቂ ይቀመጣል። ሳን አንድሪያስ ግን ማለቂያ የለውም፤ ስለዚህ በሰዓት ነበር የምንከፍለው። ሚሽን የሚሠራ ልጅ ብዙም አልነበረም። እንግሊዝኛው ይከብዳል፣ ትናንት ሴቭ ያደረግከውን ዛሬ ሌላ ልጅ ደምስሶት ታገኛለህ። እኛ የምንከፍለው በሳይክል ማውንት ቺሊያድ ጫፍ ወጥተን ለመወርወር ነው። የቺት ኮዶቹ ከደብተራችን ጀርባ ተጽፈው ነበር፤ ታንክ የሚያወርደው፣ ጄትፓክ የሚሰጠው፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ የሚያሳብደው። ታሪኩን የጻፉት ሰዎች ለሲጄ ያሰቡለት ሕይወት ሌላ ነው፣ መቐለ ላይ የኖረው ሕይወት ሌላ።

ዲስኩ ራሱ ከፋብሪካ የወጣ አልነበረም። ፕሌይስቴሽን 2 በተፈጥሮው በኮምፒውተር የተቀዳ ዲቪዲ አያነሳም። እንዲያነሳ ማዘርቦርዱ ላይ ሞድቺፕ የምትባል ትንሽ ቺፕ ትበየዳለች፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያው ዋናውን ከቅጂው አይለይም። ስለዚህ እኛ ያየነው የመጀመሪያው ሞድ ጌሙ ውስጥ ያለ አዲስ መኪና ወይም አዲስ ልብስ አይደለም። በብየዳ የተሠራ ነው። ያቺ ቺፕ ባትኖር ሲጄን አናውቀውም ነበር።

ሌብነት ነው? አዋጁን ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ሳነበው የጠበቅኩት መልስ «አዎ» ነበር። መልሱ ግን ጠማማ ነው። አዋጁ የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍና እንደ ዜማ ጥበቃ የሚገባው ሥራ አድርጎ ይቆጥረዋል። ጥበቃው ግን የሚዘረጋው በዋናነት አመንጪው ኢትዮጵያዊ ወይም እዚህ ነዋሪ ሲሆን፣ ወይም ሥራው መጀመሪያ እዚህ ሲታተም፣ ወይም ውጭ ታትሞ በ30 ቀን ውስጥ እዚህም ሲታተም ነው። ለሌላው ዓለም አቀፍ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ያኔ የበርን ስምምነት አባል አልነበረችም። ስለዚህ በሕጉ ፊደል ሳን አንድሪያስ እኛ ሰፈር ባለቤት አልነበረውም ማለት ይቻላል። የኅሊናው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሶፍትዌር ሸጬ እንጀራ የምበላ ሰው ስለሆንኩ ያን ጥያቄ በቀላሉ አላልፈውም።

የኮምፒውተሩ ቅጂ በ2005 እ.ኤ.አ. ወጣ። እሱን ያገኘ ልጅ ፎልደሩን ከፍቶ ሲያይ የሚገርም ነገር ይጠብቀው ነበር፦ ጌሙ ክፍት ነው። «ሃንድሊንግ» የሚባል ፋይል አለ፣ በኖትፓድ ይከፈታል። እያንዳንዱ መኪና አንድ መስመር አለው፣ ክብደቱ፣ ፍጥነቱ፣ የፍሬኑ ጉልበት በቁጥር ተደርድረዋል። ቁጥሩን ቀይረህ ሴቭ ታደርጋለህ፣ ጌሙን ታስነሳለህ፣ አሮጌ ታክሲ እንደ ሮኬት ይወነጨፋል። ቫሪያብል ምን እንደሆነ የገባኝ ክፍል ውስጥ ሳይሆን እዚያ ፋይል ላይ ነው። እንዳ ኢየሱስ ግቢ ገብተን መምህሩ ሰሌዳው ላይ ስፒድ ብሎ እኩል ይሆናል ሲጽፍ፣ ጀርባ ወንበር ላይ ሦስት አራት ልጆች ተያይተን ሳቅን።

ክፍት መሆኑ በአጋጣሚ የመጣ ባህል አይደለም። አይዲ ሶፍትዌር በዲሴምበር 1993 እ.ኤ.አ. ዱምን ሲያወጣ ደረጃዎቹን፣ ሥዕሎቹንና ድምፆቹን ዋድ በሚባል የተለየ ፋይል አስቀመጣቸው። ጆን ካርማክ ይህን ያደረገው ሆን ብሎ ነው፤ ተጫዋች ዋናውን ፕሮግራም ሳይነካ የራሱን ዓለም እንዲሠራ። ቤተሴዳ በ2002 ሞሮዊንድን ሲሸጥ ዓለሙን የሠራበትን መሣሪያ ራሱን አብሮ ሰጠ። ካውንተር ስትራይክ በ1999 ሲጀመር የሃፍ ላይፍ ሞድ ነበር፤ ሚን ሊ እና ጄስ ክሊፍ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች የሠሩትን ቫልቭ በዓመቱ ገዝቶ እነሱንም ቀጠራቸው። እነዚህ ቁልፍ የሰጡ ናቸው። ሮክስታር ግን ለሳን አንድሪያስ ቁልፍ አልሰጠም። በሩን ሳይቆልፍ ተኛ እንጂ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ኋላ የመጣው ጠብ ሁሉ ግን ከዚህች ልዩነት ነው የመጣው።

ጠቡ የጀመረው «ሆት ኮፊ» በሚባለው ነገር ነው። ሮክስታር ሲጄ ከሴት ጓደኛው ጋር ቤት ሲገባ የሚታይ የወሲብ ትዕይንት ሠርቶ ነበር። በኋላ ሐሳቡን ቀየረና ትዕይንቱን አጠፋው። አጠፋው ስል ግን አልሰረዘውም፤ እንዳይደረስበት አደረገ፣ ኮዱ ዲስኩ ውስጥ ቀረ። ማንኛችንም ዴቨሎፐሮች የምናውቀው ነገር ነው፣ መሰረዝ ሌላ ቦታ ይሰብርብኛል ብለህ ኮመንት አድርገህ ታልፈዋለህ። በ2005 ክረምት ፓትሪክ ቪልደንቦርግ የሚባል የኔዘርላንድስ ሞደር ያንን የተኛ ኮድ የሚቀሰቅስ ትንሽ ፋይል ለቀቀ። ሮክስታር መጀመሪያ ጥፋቱን በሃከሮች ላይ ጣለ። ብዙም ሳይቆይ ትዕይንቱ ማንም ሞደር ሊነካው በማይችለው በፕሌይስቴሽን 2 ዲስክ ላይም እንዳለ ታወቀ። ጁላይ 20 ቀን 2005 የአሜሪካው የጌም ደረጃ መዳቢ ድርጅት ጌሙን ከ17 ዓመት በላይ ከሚለው አንስቶ ለአዋቂዎች ብቻ ወደሚለው አሻገረው። ትላልቅ መደብሮች ከመደርደሪያ አወረዱት፣ ባለቤቱ ቴክ ቱ ያለውን ምርት አቆመ፣ ሴናተሮች ሳይቀሩ ጮኹ።

ለእኔ የሚገርመኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። የተስተካከለው የኮምፒውተር ቅጂ ሲወጣ ትዕይንቱን ብቻ አላጠፋም፤ ስክሪፕቱ እንዳይቀየርም ዘጋ። አንድ በር ችግር አመጣ ተብሎ የቤቱ በሮች ሁሉ ተከረቸሙ። ተጫዋቹስ? ወደ ኋላ ተመለሰ። እስካሁን ድረስ የሳን አንድሪያስ ሞደሮች የሚፈልጉት የመጀመሪያውን ቅጂ ነው። አዲሱን ወደ አሮጌው የሚመልስ ፕሮግራም እስከ መጻፍ ደርሰዋል።

በኖቬምበር 2014 ደግሞ በስቲም ለገዙት ሰዎች አንድ ማሻሻያ መጣ። የሙዚቃ ፈቃዳቸው ያበቃ በርካታ ዘፈኖች ከጌሙ ሬዲዮ ወጡ። ከአሥር ዓመት በፊት የተሠራ፣ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው የያዙት ነገር ውስጥ ተገብቶ ዘፈን ተቀነሰ። እስቲ አስቡት፣ ቤታችሁ ያለ ካሴት ሌሊት ተሳስቦ ሁለት ዘፈን ጎድሎት ሲያድር። በዚያን ሰሞን ቀዳማይ ወያነ አካባቢ የምትሽከረከረው የተቧጨረች ዲቪዲ በሕጋዊ መንገድ ከሚሸጠው የበለጠ ሙሉ ነበረች። ይሄን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ሳቅ ይመጣብኛል፣ ሳቁ ግን ብዙ አይቆይም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ መሳብና መልቀቅ ነው። በጁን 2017 ቴክ ቱ ለጂቲኤ 5 ሞድ መሥሪያ የሆነውን ኦፕንአይቪን አቁሙ የሚል ደብዳቤ ላከ። ተጫዋቾች ስቲም ላይ በአሉታዊ አስተያየት አጥለቀለቁት፣ በቀናት ውስጥ መሣሪያው ተመለሰ። ሮክስታርም ለብቻ በሚጫወቱት ላይ የሚሠሩ፣ ለትርፍ ያልሆኑ ሞዶችን እንደማይነካ ገለጸ። የኩባንያውን ወገን ለመናገር፣ ኦንላይን ላይ በማጭበርበር የሌላውን ጨዋታ የሚያበላሹ መኖራቸው እውነት ነው። በ2021 ግን የድሮዎቹን የጂቲኤ 3 እና የቫይስ ሲቲ ኮድ ከዜሮ ፈትተው እንደገና የጻፉ አድናቂዎች ላይ ክስ ተመሠረተ። ዋናው ጌም የሌለው ሰው በዚያ ኮድ ብቻ መጫወት አይችልም፤ ማለትም ለመጠቀም መግዛት አለብህ። ያም ሆኖ ተከሰሱ። ከሁሉ የሚደንቀው ፋይቭኤም ነው። ተጫዋቾች በጂቲኤ 5 ውስጥ የራሳቸውን ሰርቨር እንዲከፍቱ የሚያስችል ሞድ ነው። በ2015 ሮክስታር ሠሪዎቹን ከአገልግሎቱ አገዳቸው። በኦገስት 2023 ያንኑ ቡድን የኩባንያው አካል አድርጎ አስገባው። በስምንት ዓመት ውስጥ ወንጀለኛው ባልደረባ ሆነ፤ የተቀየረው ኮዱ አይደለም።

እኛ ጋ ጥያቄው ከጨዋታ ያለፈው በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ እስከ ፕሪቶሪያው ስምምነት ማግስት፣ ከሁለት ዓመት በላይ፣ አልተመለሰም። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከብዳል፤ ሰው በሞተበትና መድኃኒት በጠፋበት ስለ ጌም ማውራት ያሳፍራል። ግን መብራት በምትመጣበት ሰዓት ልጆች ሊጫወቱ ይፈልጋሉ፣ ላፕቶፕ ያለው ቤትም ይሰበሰባሉ። ዘመዴ ከውጭ በስሜ የገዛልኝ አንድ አዲስ ጌም ነበረኝ። ስከፍተው ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት አልቻልኩም፣ ግንኙነትህን አረጋግጥ አለኝ። ለሁለት ዓመት ያንኑ አለኝ። ሳን አንድሪያስ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ይነሳል። በፍላሽ ከቤት ወደ ቤት፣ ከዓዲ ሓቂ ወደ ዓይናለም ዞረ። የተከፈለበት ተዘጋ፣ የተገለበጠው ሠራ። አምስት ዓመት ሙሉ ኢንጂነሪንግ ተምሬ ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ትምህርት አላገኘሁም።

ጌሙ ይቅር። በ2014 ዓ.ም. አንዲት ሸቀጥ የሚነግዱ እናት አስጠሩኝ። ባንክ ዝግ ነው፣ ደመወዝ የለም፣ ከተማው በዱቤ ነው የሚኖረው። እሳቸውም የሰፈሩን ዱቤ የሚይዙት በኮምፒውተር ነበር፤ ሥርዓት ይወዳሉ። ፕሮግራሙ ግን በየጊዜው ከሠሪው ሰርቨር ፈቃዱን ማደስ አለበት። የማደሻው ቀን አለፈ፣ ሰርቨር የለም፣ ፕሮግራሙ ተቆለፈ። ማን ስንት እንዳለበት፣ ማን ግማሹን እንደከፈለ ሁሉ ከውስጥ ነው።

«ወደይ፣ ደብተሬን ክፈትልኝ» አሉኝ። ፕሮግራም አላሉትም፣ ደብተሬ ነው ያሉት።

«አደይ፣ የሰው ሥራ ነው» አልኳቸው።

«ሥራው የሱ ነው። ዱቤው የማን ነው?»

ዳታውን ብቻ አውጥተህ ለምን አልሰጠሃቸውም የምትሉ ትኖራላችሁ። ዳታቤዙም በይለፍ ቃል የተቆለፈ ነበር፣ ቃሉ ያለው ፕሮግራሙ ውስጥ። ስለዚህ ፕሮግራሙን ፈታሁት። ፈቃዱን የሚያጣራው ክፍል በመጨረሻ የሚመልሰው አንድ ነገር ነው፣ እውነት ወይም ሐሰት። ሁልጊዜ እውነት እንዲል አደረግኩት። ሃንድሊንግ ፋይሉ ላይ ቁጥር ከመቀየር ብዙም አይለይም። ሌላ ነገር አልነካሁም፤ የሠሪው ስም ከገጹ ግርጌ እንዳለ ነው።

ያንን ቁልፍ ያስገባው ልጅ ክፉ አይመስለኝም። እዚህ አገር አንድ ሶፍትዌር ትሸጣለህ፣ በሳምንቱ አሥር ሱቅ ውስጥ ታገኘዋለህ። አዲስ አበባ ያሉት ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ን ሠርተው ከገበሬው የምትሸሸውን ዶሮ ስልካችን ላይ ሲያመጡ፣ አንዱ ተነስቶ ዶሮዋን አውልቆ በራሱ ስም ቢለቃት ከእነሱ እኩል እናደዳለሁ። ሥራን የመቆጣጠር መብት እኔም የምፈልገው መብት ነው። ስሜ እንዳይነሳ፣ ሥራዬን ሌላ ሰው እንዳይሸጠው። ቁጥጥሩ የሰውየው ቤት ድረስ ገብቶ የገዛውን ዘፈን ሲያነሳ፣ የሴትየዋን የዱቤ መዝገብ ይዞ ሲጠፋ ግን፣ ያን የደራሲ መብት ብዬ መጥራት አልችልም። የሚገርመው አዋጁም ከእኔ ሩቅ አይደለም፤ የፕሮግራምን ቅጂ በሕግ የያዘ ሰው ለታለመለት አገልግሎት ለማዋል አስፈላጊ እስከሆነ ድረስ ከራሱ ጋር ሊያስማማው እንደሚችል ይፈቅዳል። ሲጄን ያላወቀው አዋጅ አደይን ያውቃቸዋል።

መስመር ከተመለሰ በኋላ ከፕሮግራሙ ግርጌ ባለው ቁጥር ለሠሪው ደወልኩለት። ያደረግኩትን በዝርዝር ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ቢሆንም መጠየቅ ነበረብህ» አለኝ።

«በምን ስልክ?»

ትንሽ ቆየ። ከዚያ ማጣሪያውን በየትኛው መሣሪያ እንደፈታሁት፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀብኝ ጠየቀኝ። አርባ ደቂቃ ገደማ ነው ስለው አልተደሰተም። ለአደይ ያለፈውን ሁለት ዓመት ክፍያ እንደማይጠይቃቸው ነገረኝ፣ አዲሱን ቅጂ ግን እንዲገዙ እንዳግባባቸው አደራ አለኝ። ነገርኳቸው። እሳቸው አሁንም የሚሠሩት በዚያችው በተነካችው ነው።