ምንም የማያውቀው መምህር

ስለ ልጆች መጫወቻ ታሪክ ሳነብ ደጋግሜ የምመለስበት አንድ ሮቦት አለ፤ ስሙ ቱ-ኤክስኤል ይባላል። አሜሪካዊው ማይክል ፍሪማን ፈጠረው፣ ሜጎ የተባለው የአሻንጉሊት ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 ገበያ ላይ አወጣው።

ዓይኖቹ ቦግ ይላሉ፣ ይቀልዳል፣ ይጠይቃል። ልጁ ቁልፍ ተጭኖ ሲመልስ ልክ መሆኑን ወይም መሳሳቱን ይነግረዋል። የዚያን ጊዜ ልጅ «ይሄ ነገር ሰማኝ እኮ!» ቢል አይፈረድበትም።

ሆዱ ውስጥ ግን ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለም። ያለው በዘመኑ መኪና ውስጥ ሙዚቃ ይሰማበት የነበረው ወፍራሙ ካሴት ነው። ክሩ ላይ አራት ቅጂዎች ጎን ለጎን እኩል ይሄዳሉ፤ አንዱ ላይ ምስጋናው፣ ሌላው ላይ እርማቱ። ቁልፉ ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል፣ በቃ። የሚሰማውም ድምፅ የራሱ የፍሪማን ነው።

እንግዲህ ብልሃቱ ያለው ጽሑፉ ላይ ነው። ፍሪማን ልጁ የት ጋ ሊሳሳት እንደሚችል ቀድሞ መገመት፣ መልሱን ማዘጋጀት፣ ከዚያም ምስጋናውና እርማቱ እኩል እንዲያልቁ ሰዓቱን መለካት ነበረበት። ታይገር ኤሌክትሮኒክስ በ1992 በተራ ካሴት መልሶ ሲያመጣውም ዘዴው ያው ነበር።

ዛሬ ከማሽን ጋር እያወራን «ገብቶታል ወይስ አልገባውም?» ብለን እንከራከራለን። ለልጅ በሚገዛ መጫወቻ ላይ ግን እኔ የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ልጁ ሲሳሳት ምን እንደሚባል ተቀምጦ ያሰበለት ሰው አለ?