ሃይማኖቱ የተለየ ዘመድና የጺም ርዝመት፤ በጅቡቲ ከተማ መስጊዶች የሚነሡ ሁለት ጥያቄዎች

የጅቡቲ ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ እንደዚሁ ናቸው) በ1888 ዓ.ም. ገደማ በፈረንሳዮች ስትቆረቆር፥ አገሩ የዒሳና የአፋር ነበረ። ወዲያው የየመን ዓረቦች በጀልባ ገቡ፤ በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡርም የኢትዮጵያን ክርስቲያኖች አመጣ። በ1906 የተሠራው የሐሙዲ መስጊድ ለዚህ ቅይጥ ሕዝብ ምልክት ሆኖ እስከ ዛሬ ቆሞአል። አንዱ ዘመድ መስጊድ፥ ሌላው ቤተ ክርስቲያን በሚሄድበት ቤተሰብ ውስጥ፥ «በሃይማኖት ያልተባበረን ዘመዳችን ከሞተ በኋላ ዕጣው ምን ይሆን?» የሚለው ጥያቄ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ሳይሆን በቀብር ማግስት ከቤት የሚነሣ ነው።

ጥያቄው ከእስልምና ልደት ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ነቢዩ መሐመድን ያሳደጋቸውና ከጠላት የጠበቃቸው አጎታቸው አቡ ጣሊብ በ619 ገደማ ሞተ። የሱኒ ሊቃውንት ሳያምን ሞተ ይላሉ፤ የሺዓ ሊቃውንት ግን በልቡ አምኖአል ብለው ይከራከራሉ። በሱኒዎቹ ሐዲስ እንደሚነገረው፥ ነቢዩ ምሕረት ሊለምኑለት ወደው ተከለከሉ፤ ይሁን እንጂ ስለ ደግነቱ ቅጣቱ ይቀልለታል። የአብርሃም አባትና የኖኅ ልጅ ታሪክም በቁርኣን ለዚሁ ነገር ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል።

ነገር ግን መልእክቱ ሳይደርሰው የሞተስ? በጅቡቲ የሚከተሉት የሻፊዒ መንገድ ሰዎች በሃይማኖት ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ አሽዐሪዎች ናቸው፤ አሽዐሪዎችም መልእክተኛ ያልደረሰው ሕዝብ አይቀጣም ይላሉ። በ1505 የሞተው ግብፃዊው ሊቅ አስ-ሱዩጢ የነቢዩ ወላጆች ይድናሉ ብሎ ብዙ ድርሳን የጻፈው በዚህ መሠረት ነው። በ1111 የሞተው አል-ገዛሊ ደግሞ ያላመኑትን በሦስት ይከፍላቸዋል፤ ስሙን ከቶ ያልሰሙ፥ ተጣምሞ የሰሙ፥ እውነተኛውን ሰምተው እምቢ ያሉ። ሁለቱ ፊተኞቹ የአምላክ ምሕረት ይደርሳቸዋል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ይህ አከፋፈል በትምህርት ቤት ከሚታወቀው ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው ነው፤ ፍርዱን ከጎረቤት አፍ አውጥቶ ለፈጣሪ ይመልሰዋልና።

በሕይወት ላለ ዘመድ ግን ትእዛዙ ግልጥ ነው። ቁርኣን፥ ወላጆች ከአንድ አምላክ ወደ ሌላ ቢያስገድዱ እንዳይታዘዙላቸው፥ ሆኖም በዚህ ዓለም በመልካም አብረዋቸው እንዲኖሩ ያዝዛል። የአቡበክር ልጅ አስማ፥ ጣዖት የምታመልክ እናትዋ ልትጠይቃት በመጣች ጊዜ፥ ነቢዩ እንድትቀበላት ፈቀዱላት። በአንጻሩ የነቢዩ ሚስት ኡሙ ሐቢባ በ630 ገደማ ገና ያላመነ አባትዋ አቡ ሱፍያን ቤትዋ ሲመጣ ምንጣፉን ጠቀለለችበት። ይህች ሴት አስቀድማ ወደ ሐበሻ ተሰድዳ ነበር፤ የፊተኛው ባልዋም፥ የሙስሊም ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፥ በዚያው ክርስቲያን ሆኖ ሞተ። አባትዋ በመካ፥ ባልዋ በሐበሻ፥ እርስዋ በመካከል!

የሐበሻው ንጉሥ አን-ነጃሺ ሲሞት ነቢዩ በመዲና ሆነው በሌለበት ሰገዱለት። የሻፊዒ መንገድ በሌላ አገር ለሞተ ሰው መስገድን የሚፈቅደው ከዚህ ተነሥቶ ነው፤ የሐነፊ መንገድ ግን አይቀበለውም። በሙስሊሞቹ ትረካ ንጉሡ እምነቱን በክርስቲያን ሕዝቡ መካከል ሠውሮ ይዞ ነበር፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን ትረካ አትቀበልም።

በኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ፈተና ከወሎ በላይ የከበደበት ቦታ ጥቂት ነው። በ1878 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቆ ሚካኤል ተባለ፤ በኋላም ራስ፥ ቀጥሎም ንጉሥ ሆነ። ሼኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈርን የመሰሉት ደግሞ ጥምቀቱን እምቢ ብለው ተነሡ። ቤተሰብ ተከፈለ፤ ሆኖም በወሎ ሠርግና ልቅሶ እስከ ዛሬ አንድ ላይ ነው።

ስለ ጺም ያለው ክርክር ቀለል ያለ ነው። ሐዲሱ ጢሙን አሳጥሩ፥ ጺሙን ተዉ ይላል። የዑመር ልጅ ዐብደላ ግን በሐጅ ጊዜ ጺሙን ጨብጦ ከጭብጡ የተረፈውን ይቈርጥ እንደ ነበረ ተጽፎአል፤ ሐነፊዎች የአንድ ጭብጥን ልክ ከዚህ አገኙ። በሻፊዒዎች ዘንድ መላጨት በብዙዎቹ የኋላ ሊቃውንት አስተያየት የተጠላ ነው እንጂ ፈጽሞ የተከለከለ አይደለም። በጅቡቲ ጺሙን በሒና ያቀላው ሽማግሌ፥ ተላጭቶ በወደቡ ጽሕፈት ቤት ከሚሠራው ወጣት ጎን ቆሞ ይሰግዳል፤ መላጨት ሶላትን ያፈርሳል ያለ የሻፊዒ ሊቅ የለምና።