የልጅ አከርካሪ ሲጣመም፦ መንስኤው ከየት ይፈለጋል?

የጤነኛ ልጅ አከርካሪ ከኋላ ሲታይ ቀጥ ያለ ነው። ወደ ጎን ሲጣመምና አንጓዎቹም አብረው ሲዞሩ ስኮሊዮሲስ ይባላል። የጥመቱ መጠን የሚለካው አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ጆን ኮብ እ.ኤ.አ. በ1948 ባስተዋወቁት ማዕዘን ሲሆን፣ በራጅ ላይ ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ ዝንፈት በስኮሊዮሲስነት አይመዘገብም። በቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ ዋና ከተማ በቦምቤ ግን፣ እንደ ሌላው የወላይታ ገጠርና ከተማ ሁሉ፣ ከራጅ በፊት ነገሩን የሚለየው የእናት ዓይን ነው፤ ገላ ስታጥብ የልጇ አንድ ትከሻ ዝቅ ብሎ፣ የሌላው ወገን የትከሻ አጥንት ወጣ ብሎ ታያለች።

ወላጅ «ከምን መጣ?» ሲል ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ራሱን ከመክሰስ ነው። ውሃ የሞላው ጀሪካን፣ የደብተር ቦርሳው፣ የአስተዛዘሉ ነገር፣ በሕፃንነት ከአልጋ መውደቅ ሁሉ ይጠረጠራሉ። ከባድ ሸክም ጀርባን ያሳምማል እንጂ ስኮሊዮሲስን እንደሚያመጣ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ስለ አስተዛዘልም እንዲሁ።

የውጭ አገር መማሪያ መጻሕፍት ከአሥር ልጆች በስምንቱ መንስኤው እንደማይታወቅ ነግረው ይጀምራሉ። ይህ ቅደም ተከተል ለኢትዮጵያ አይመችም። እዚህ አስቀድሞ መጣራት ያለበት የአከርካሪ ቲቢ ነው፤ ምክንያቱም በመድኃኒት የሚድን ከመሆኑም በላይ ከተዘገየ እግርን ሽባ ያደርጋል። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1779 የገለጹት ይህ በሽታ በደም ተጉዞ የአንጓውን የፊት ክፍል ይበላል፤ አንጓው ወደፊት ሲደረመስ ጀርባ ላይ ሹል ጉብታ ይወጣል። እንግዲህ ዋናው ምልክቱ ወደ ጎን መጣመም ሳይሆን መጉበጥ ነው። የማይለቅ የጀርባ ሕመም፣ የማታ ትኩሳት፣ ላብና ክብደት መቀነስ ጥርጣሬውን ያጠናክራሉ። እንዲህ ያለውን ጀርባ ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳሸት አደገኛ ነው፤ የተበላው አጥንት ተንሸራቶ ሕብለ ሰረሰርን ሊጫን ይችላል። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ አንዴ የተደረመሰውን አጥንት ግን መልሶ አያቀናም።

ጥመቱ ከሕፃንነት ጀምሮ የታየ ከሆነ አብሮት የተወለደ መሆኑ ይጠረጠራል። አንጓዎች ቅርጻቸውን የሚይዙት በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ገደማ ነው፤ ግማሹ ብቻ የተፈጠረ ወይም ከጎረቤቱ ሳይለይ የቀረ አንጓ ልጁ ሲያድግ አከርካሪውን ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል። ኩላሊትና ልብም የሚፈጠሩት በዚያው ወቅት ስለሆነ የሁለቱ ምርመራ ሊታለፍ አይገባም። የነርቭና የጡንቻ በሽታዎች፣ ለምሳሌ ሴሬብራል ፓልሲና የጡንቻ መመንመን፣ ሦስተኛው ምድብ ናቸው፤ እነዚህን አካሄዱ ራሱ አስቀድሞ ይናገራል። ስድስትና ከዚያ በላይ ቡናማ የቆዳ ነጥቦች፣ የእግር መድከም፣ ሽንት አለመቋጠር ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ ኤም አር አይ ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው መንስኤው ያልታወቀው ዓይነት ነው። ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት በኋላ በፈጣን እድገት ወቅት ይታያል፤ ከፍተኛ ጥመት በሴቶች ልጆች ላይ ይበዛል፤ በቤተሰብም ይደጋገማል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ኤልቢኤክስ1 ከሚባል ዘረ መል አጠገብ ተያያዥ ልዩነት አግኝተዋል፤ ይሁንና ይህ ለአንድ ልጅ «ከዚህ መጣ» የሚያሰኝ አይደለም።

የማጣራቱ ሥራ በባዶ እጅ ይጀመራል። ልጁ ልብሱን አውልቆ፣ እግሮቹንና መዳፎቹን ገጥሞ ከወገቡ ያጎነብሳል፤ በአንድ ወገን የጎድን አጥንቱ እንደ ጉብታ ከፍ ካለ ራጅ ይታዘዛል። ከቦምቤ የተነሣ ወላጅ ለዚህ ወደ ሶዶ ከተማ መሄድ ይችላል፤ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል እዚያው ይገኛሉ።

በማደግ ላይ ባለ ልጅ ከ25 እስከ 40 ዲግሪ የደረሰ ጥመት በጀርባ መደገፊያ ይያዛል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት መደገፊያ ካደረጉት 72 በመቶ፣ ካላደረጉት 48 በመቶ ቀዶ ሕክምና ከሚጠይቀው ደረጃ ሳይደርሱ እድገታቸውን መጨረሳቸውን አሳይቷል። ዘግይቶ መምጣት ምን እንደሚያስከፍል በአዲስ አበባ የሚሠሩት ዶክተር ሪክ ሆድስ ታካሚዎች ያሳያሉ። ዶክተሩ ከ100 ዲግሪ ያለፈ ጥመት ያለባቸውን ኢትዮጵያውያን ልጆች ጋና አክራ ወደሚገኙት ቀዶ ሐኪም ኦሄኔባ ቦዋቺ-አጄ ዘንድ ይልካሉ፤ እዚያም የራስ ቅል ላይ በታሰረ ቀለበት አከርካሪው ለሳምንታት ቀስ እያለ ከተሳበ በኋላ ቀዶ ሕክምናው ይደረጋል።

መንስኤው ታወቀም አልታወቀም፣ ሐኪም የሚወስነው ጥመቱ በስንት ወር ስንት ዲግሪ እንደጨመረ አይቶ ነው። ስለዚህ ወላጆች የመጀመሪያውን ራጅ አይጣሉት፤ ቀኑ ተጽፎበት ቤት ይቀመጥ፣ በየቀጠሮውም ከልጁ ጋር ይምጣ።