አካላቸው ተራርቆ፣ ሥራቸው ተባብሮ

ሰዎች ተራርቀው ሳሉ በአንድ ሥራ መተባበራቸው የዛሬ ዘመን ጥበብ ብቻ የወለደው ነገር የሚመስለው አንባቢ፣ ኢትዮጵያዊው የመካነ ሥላሴ መነኩሴ አባ ጎርጎርዮስና ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ ከሦስት መቶ ሃምሳ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት የነበራቸውን ወዳጅነት ቢመረምር አሳቡን ለመለወጥ ይገደዳል።

ሁለቱ በ1649 እ.ኤ.አ. በሮማ ከተማ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ተዋወቁ፤ ሉዶልፍ ሮማን ከለቀቀ በኋላም ብዕር የአንደበትን ቦታ ተክቶ፣ በልሳነ ግእዝ የተጻፈ መልእክት በመካከላቸው ይመላለስ ጀመር። በ1652 በጀርመን አገር የጎታ መስፍን የነበረው ኤርንስት መነኩሴውን ወደ ግዛቱ ባስጠራው ጊዜ፣ አንዱ እየጠየቀ ሌላው እየመለሰ ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ፣ ሃይማኖትና ቋንቋ ብዙ ደከሙ።

በደብዳቤ መተባበር ግን ቀላል አይደለም፤ ፊት ለፊት ቢሆን በጥቅሻ የሚገባው ነገር፣ በወረቀት ሲሆን ቃሉ ካልጠራ አሳቡ ይደፈርሳል፤ መልሱም ባሕርና ተራራ ተሻግሮ እስኪደርስ ድረስ ትዕግሥትና መተማመን ያስፈልጋል። የሁለቱን ትብብር ያጸናውም የመንገዱ ማጠር ሳይሆን፣ ሊቁ ደቀ መዝሙር ለመሆን አለማፈሩና መምህሩም ዕውቀቱን አለመሰሰቱ ነው።

አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገሩ ሲመለስ መርከቡ ተሰብሮ በባሕር ሞተ። ሉዶልፍ ግን በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛን ሰዋስው ሲያሳትም የመምህሩን ስም አልሰወረም። ኢትዮጵያን ሳይረግጥ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው ይህ ሰው፣ ዓይኖቹ የሩቅ ባልንጀራው ቃላት ነበሩ።