መርፌውን የያዘው እጅ፦ የውበት መርፌና የባለሙያው ፈቃድ ታሪክ

ለውበት ሲባል በፊት ላይ የሚወጋ መርፌ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የጡንቻን እንቅስቃሴ ለጥቂት ወራት የሚያላላ መድኃኒት ሲሆን ሕዝብ የሚያውቀው ቦቶክስ በተባለው የንግድ ስሙ ነው። ሌላው የጎደጎደውን የሚሞላ፣ ከንፈርንና ጉንጭን የሚያወፍር ፊለር ነው። ሁለቱም በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃሉ፤ አልጋ አያስይዙም፤ ተወጊው በእግሩ ሄዶ በእግሩ ይመለሳል። ቀላል መስለው የሚታዩትም በዚህ የተነሣ ነው። ሥራው ከተጀመረ ከ120 ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ዘመን በመርፌው ውስጥ የሚገባው ነገር ብዙ ጊዜ ተለውጧል፣ ተመርምሯል፣ ታግዷል። የሚወጋው ሰው ማን ነው፣ ምን ተምሯል፣ ቢሳሳት ለማን ይጠየቃል የሚለው ጥያቄ ግን የተነሣው እጅግ ዘግይቶ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው ቪየና ነው። ሮበርት ጌርዙኒ የተባለ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ በ1899 የዘር ፍሬዎቹን በሳንባ ነቀርሳ በሽታ ላጣ አንድ ወጣት በጎደለው ቦታ ቫዝሊን ወጋለት። ዓላማው ሕመምተኛው ሙሉ ሰው መስሎ እንዲታይ ነበር፤ የተሳካም መሰለ። ወሬው ተሰራጭቶ ሌሎች ሐኪሞች ቫዝሊኑን ጠንከር ባለ ፓራፊን እየተኩ የተሰረጎደ አፍንጫ ማቃናት፣ ጉንጭ መሙላትና የፊት መስመሮችን መደለል ጀመሩ። ፓራፊን ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ ቅርጽ ለማስያዝ የተመቸ ነው። ርካሽም ነበር።

ጉዳቱ የታየው ቆይቶ ነው። ሰውነት ባዕዱን ሰም አልቀበልም ብሎ በጠጣር እብጠት ይከበዋል፤ እብጠቱ አንዳንዴ ይቆስላል፣ አንዳንዴ ከተወጋበት ቦታ ተንሸራቶ ሌላ ቦታ ይገኛል። ከተጎዱት ሁሉ ስሟ ጎልቶ የሚነሣው ኋላ የማርልቦሮ መስፍን ሚስት የሆነችው ግላዲስ ዲከን ናት። በዘመኗ በመልኳ የታወቀች ወጣት ነበረች። በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜዋ አፍንጫዋን እንደ ጥንታዊ የግሪክ ሐውልት ከግንባሯ ጋር ቀጥ ያለ ለማድረግ ፓራፊን ተወጋች። ሰሙ ከጊዜ በኋላ ወደ አገጯ ወርዶ ፊቷን አበላሸው። እስከ 1977 በሕይወት ስለቆየች ከሰባ ዓመት በላይ ከዚያ አንድ መርፌ ጋር ኖራለች ማለት ነው።

ከዚህ የከፋ ነገርም በዚያው ሰሞን ተመዝግቧል። በ1903 በአሜሪካ አፍንጫው ላይ ፓራፊን የተወጋ ሰው ዓይኑ ወዲያው መጥፋቱን ሐኪሞች በሕክምና መጽሔት ላይ አስታወቁ። ምክንያቱ በፊት የደም ሥሮች አሠራር ውስጥ ያለ ነው። በቅንድቦች መካከልና በአፍንጫ ዙሪያ የሚያልፉት ትናንሽ ደም ወሳጅ ቧንቧዎች ለዓይን ደም ከሚያደርሰው ቧንቧ ጋር ይገናኛሉ። የመርፌው ጫፍ ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ከገባና የሚወጋው ነገር በኃይል ከተገፋ ወደ ኋላ ፈስሶ ዓይን ጋ ይደርሳል፤ ግፊቱ ሲቆም ከደሙ ጋር ወደፊት ተመልሶ የብርሃን መቀበያውን የደም ሥር ይደፍናል። ደም የተቋረጠበት የዓይን ክፍል ደግሞ ረጅም ጊዜ አይታገሥም። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ2015፣ በዓለም ዙሪያ የታተሙ ሪፖርቶችን የሰበሰበ ጥናት በፊት ሙሌት የተነሣ በዓይን ላይ የደረሱ 98 ጉዳቶችን ቆጥሯል፤ ብዙዎቹ የተወጉት በቅንድቦች መካከልና በአፍንጫ ላይ ነበር። ሰሙ ቀርቷል፤ የደም ሥሩ ግን ያለው በቦታው ነው። የፊትን የውስጥ አሠራር ያልተማረ ሰው መርፌ መያዝ የሌለበት በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

ፓራፊን በምዕራቡ ዓለም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እየቀረ ሄደ። ቦታውን የወሰደው ሲሊኮን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጃፓን ለኢንዱስትሪ የተሠራ ፈሳሽ ሲሊኮን የሴቶችን ጡት ለማሳደግ ይወጋ ጀመር፤ በቦታው እንዲረጋ ከዘይት ጋር የሚቀይጡትም ነበሩ። ልማዱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1960ዎቹ በሳን ፍራንሲስኮና በላስ ቬጋስ የመድረክ ዳንሰኞች ዘንድ ተስፋፋ። የጡት መጠጠር፣ ቁስለት፣ አልፎም ወደ ሳንባ የሚሄድ ሲሊኮን ተከተለ። የኔቫዳ ግዛት በ1975 ሲሊኮን መውጋትን በሕግ ወንጀል አደረገች። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤትም ሲሊኮን ሰውነትን ለማሳመር እንዲወጋ እስካሁን ፈቅዶ አያውቅም፤ በ2017 ጭምር ሕዝብን ማስጠንቀቅ አስፈልጎታል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የታገደው ቁሱ መሆኑ ነው። ወጊው ሌላ ቁስ ይዞ ቢመጣ ማን እንደሚያስቆመው አልተነገረም።

ሌላው ቁስ በቶሎ መጣ። ከከብት ቆዳ የተዘጋጀ ኮላጅን በ1981 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ከሰውነት ጋር የማይስማማቸው ሰዎች ስለነበሩ አስቀድሞ ክንድ ላይ መሞከር ነበረበት። ቀጥሎ ሃያሉሮኒክ አሲድ ተከተለ። ይህን ንጥረ ነገር ካርል ማየርና ጆን ፓልመር በ1934 ከከብት ዓይን ውስጥ ለይተው ያወጡት ሲሆን በፊለር መልክ በ1996 በአውሮፓ፣ በ2003 በአሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ። ከቀደሙት የሚበልጥበት ትልቅ ነገር አለው፤ ሃያሉሮኒዴዝ በተባለ ኢንዛይም ሊሟሟ ይችላል። ስህተት ሲፈጠር ማስተካከያ መድኃኒት አለ ማለት ነው፤ በእጁ የያዘው፣ መቼና እንዴት እንደሚሰጥም የሚያውቅ ሰው ካለ።

የቦቶክስ ታሪክ በሌላ በር ይገባል። በዛሬዋ ጀርመን በቩርተምበርግ ግዛት ሐኪምና ገጣሚ የነበረው ዩስቲኑስ ኬርነር በ1820 እና በ1822 ባሳተማቸው ሥራዎቹ የተበላሸ ቋሊማ በልተው የታመሙ ሰዎችን ሁኔታ በዝርዝር ጻፈ። የዓይን ሽፋን ይወርዳል፣ ምላስ ይደርቃል፣ መዋጥ ይሳናል፣ በመጨረሻ ትንፋሽ ይቆማል። ኬርነር መርዙን በራሱ ላይ እስከመሞከር ደርሶ፣ በጥቂቱ ቢሰጥ መድኃኒት ሊሆን እንደሚችልም ገመተ። በ1895 በቤልጅየም ኤለዜል መንደር በቀብር ላይ የተጫወቱ ሙዚቀኞች የአሳማ ሥጋ በልተው ሦስቱ ሲሞቱ ኤሚል ቫን ኤርመንገም ከሥጋው ውስጥ ባክቴሪያውን ለይቶ አወጣ።

መርዙን መድኃኒት ያደረገው የሳን ፍራንሲስኮው የዓይን ሐኪም አለን ስኮት ነው። ሸውራራ ዓይንን ያለ ቀዶ ሕክምና ለማቃናት ፈልጎ የሚጎትተውን ጡንቻ በጥቂት መርዝ ማላላትን በመጀመሪያ በዝንጀሮ፣ ቀጥሎ በሰው ላይ ሞከረ፤ ውጤቱን በ1980 አሳተመ። የአሜሪካ መንግሥት መድኃኒቱን በ1989 ለሸውራራነትና ለዓይን ሽፋን መኮማተር ፈቀደ። በ1987 በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ የዓይን ሐኪሟ ጂን ካራዘርስ ለዚሁ የሽፋን መኮማተር የምታክማት አንዲት ሴት ግንባሯ ላይ ስትወጋ ፊቷ ዘና እንደሚል ነገረቻት። ጂንም ከባለቤቷ ከቆዳ ሐኪሙ ከአላስቴር ካራዘርስ ጋር ተመካከረች። የመጀመሪያዋ ለውበት የተወጋች ሰው የክሊኒካቸው እንግዳ ተቀባይ ሠራተኛ ናት። በ18 ሰዎች ላይ የተመሠረተው ጥናታቸው በ1992 ታተመ፤ በኤፕሪል 2002 ደግሞ መድኃኒቱ በቅንድቦች መካከል ላለው መስመር በአሜሪካ ተፈቀደ።

እነዚህ ሰዎች ማን እንደነበሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። አንዷ የዓይን ጡንቻን፣ አንዱ የቆዳን አሠራር ለዓመታት ተምረው የሠሩ ሐኪሞች ናቸው። ከሚገባው ቦታ ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ የተወጋ መርፌ የዓይንን ሽፋን እንደሚያወርድ ያውቁ ነበር፤ ቢወርድ ምን እንደሚደረግም እንዲሁ። ለቅንድብ መካከል የተፈቀደው መጠን በአምስት ቦታ የሚከፋፈል 20 ዩኒት ነው። 2002 ካለፈ በኋላ ግን ሥራው ከእነዚህ ሰዎች እጅ በፍጥነት ወጣ። ሳሎን ገባ፤ ጂም ገባ፤ ጓደኛሞች በአንድ ቤት ተሰብስበው እየበሉ እየጠጡ የሚወጉበት ድግስ ሆነ። በ2004 መጨረሻ በፍሎሪዳ የሙያ ፈቃዱ የታገደ አንድ ሐኪም ለላቦራቶሪ ምርምር የተዘጋጀ፣ ለሰው ያልተፈቀደ መርዝ ለራሱና ለሦስት ሰዎች ወጋ። አራቱም ሽባ ሆነው በመተንፈሻ መሣሪያ ተደግፈው ከረሙ። እዚህ ላይ ቁሱም እጁም ፈቃድ አልነበራቸውም።

በኢትዮጵያ በመርፌ መዋብ አዲስ ነገር አይደለም። በአንገትና በድድ ላይ ንቅሳት የምትነቅስ ሴት ሥራዋ በጎረቤቶቿ ላይ ይታይ ነበር፤ ወደ እሷ የሚሄደው ሰው የእጇን ውጤት አይቶ ነው። ያለ ፈቃድ በየመንደሩ የሚዞረው መርፌ ወጊም በስም ይታመን ነበር፤ የእሱ ጥፋት ግን በዓይን አይታይም፣ ያልተቀቀለ መርፌ ያመጣው በሽታ የሚገለጠው ከሄደ በኋላ ነውና። ፊለርና ቦቶክስ የሚመስሉት ሁለተኛውን ነው። የተሳካ ከንፈር ፎቶ የወጊውን ጥበብ ያሳይ ይሆናል፤ የደም ሥር ቢደፈን ምን እንደሚያደርግ ግን አያሳይም።

የወጊውን ማንነት በሕግ የመጠየቁ ታሪክ በእንግሊዝ በደንብ ይታያል። ቦቶክስ እዚያ በሐኪም ማዘዣ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ማዘዣው ከተጻፈ በኋላ ግን ማንም ሰው ሊወጋው ይችል ነበር። ፊለር ማዘዣ እንኳ አያስፈልገውም። ተወጊዋን በዓይኑ ሳያይ በስልክ ማዘዣ የሚጽፍ ሐኪም ስለተበራከተ የአገሪቱ የሐኪሞች ምክር ቤት በ2012 ይህን ከለከለ። ነርሶችን የሚቆጣጠረው ምክር ቤት ተመሳሳይ ክልከላ ያወጣው በ2025 ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመት ዘግይቶ። በመሃሉ፣ ፒፕ የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ለሕክምና ባልተፈቀደ ሲሊኮን የጡት ማሳደጊያ ሲሸጥ መገኘቱ ድንጋጤ ስለፈጠረ መንግሥት ሰር ብሩስ ኪዮህ የሚመሩት ግምገማ አስደረገ። በኤፕሪል 2013 የወጣው ሪፖርት ፊለር ተወጊ የሆነ ሰው በሕግ ያለው ከለላ እስክሪብቶ ወይም የጥርስ ብሩሽ ከሚገዛ ሰው እንደማይበልጥ ገለጸ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ፍርድ ማግኘት ያስቸግራል።

ከሪፖርቱ በኋላ ብቁ ወጊ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በጽሑፍ መቀመጥ ጀመረ። የእንግሊዝ የጤና ትምህርት መሥሪያ ቤት በ2016 ባወጣው መመዘኛ ቦቶክስና ፊለር ለመውጋት በድኅረ ምረቃ ደረጃ የሚሰጥ ሥልጠና እንደሚያስፈልግ አስቀመጠ። የአንድና የሁለት ቀን ኮርስ የምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ በተሰቀለበት ዘመን ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። ጉድለቱ መመዘኛው አስገዳጅ አለመሆኑ ነው፤ በ2018 የተቋቋመው የባለሙያዎች መዝገብም የሚገባበት በፈቃደኝነት ነው። የሆነው ሆኖ በእነዚህ ዓመታት አንድ ተወጊ ምን መጠየቅ እንዳለበት ጠራ። ወጊው ስሙ ለሕዝብ ክፍት በሆነ የሐኪሞች፣ የጥርስ ሐኪሞች ወይም የነርሶች መዝገብ ላይ መገኘቱ፤ ማዘዣውን የጻፈው ሰው ተወጊዋን በአካል ማየቱ፤ ብልቃጡ በፊቷ መከፈቱና የምርት ቁጥሩ በመዝገቧ ላይ መጻፉ፤ ማሟሟያው ኢንዛይም በክፍሉ ውስጥ መኖሩ፤ ማታ ላይ ሕመም ቢነሣ የሚደወልለት ሰው መታወቁ።

ሌሎች አገሮች ከዚህ አልፈው ሄደዋል። ስዊድን ከጁላይ 2021 ጀምሮ ለውበት መርፌ መውጋት የሚችሉት ፈቃድ ያላቸው ሐኪሞች፣ የጥርስ ሐኪሞችና ነርሶች ብቻ መሆናቸውን ደነገገች፤ ተወጊውም መረጃ ከተሰጠው በኋላ ቢያንስ ሁለት ቀን እንዲያስብ አስገደደች። ይህ የማሰቢያ ጊዜ ትንሽ ቢመስልም ብልህነት ያለበት ነው፤ በቅናሽ ዋጋና በድግስ ግርግር የሚወሰነውን ውሳኔ ይሰብራል። ፈረንሳይ በ2024 ያለ ማዘዣ የሚወጋ ሃያሉሮኒክ አሲድ መሸጥን ከለከለች። እንግሊዝ በበኩሏ ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑ ልጆች ለውበት ሲባል ቦቶክስና ፊለር መውጋትን ወንጀል አድርጋለች።

አሜሪካ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ደንብ የሚያወጣባት አገር ናት። በ2024 የጸደይ ወራት በ11 ግዛቶች 22 ሴቶች ሐሰተኛ ወይም በአግባቡ ያልተያዘ ቦቶክስ ተወግተው መታመማቸውን የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል አስታወቀ፤ የወጓቸው ፈቃድ ወይም ሥልጠና የሌላቸው ሰዎች ነበሩ፣ ካልሆነም መርፌው የተሰጠው ከጤና ተቋም ውጭ፣ በቤትና በውበት መጠበቂያ ሥፍራ ነው። በዚያው ዓመት ማዕከሉ በኒው ሜክሲኮ ግዛት ያለ ፈቃድ ይሠራ በነበረና በ2018 በተዘጋ የውበት ቤት የራሳቸውን ደም ፊታቸው ላይ የተወጉ ደንበኞች በኤችአይቪ መያዛቸውን አሳተመ። በቤቱ ውስጥ ከተገለገሉባቸው በኋላ ያልተጣሉ መርፌዎችና ስም ያልተጻፈባቸው የደም ብልቃጦች ተገኝተዋል።

በሴፕቴምበር 2024 በእንግሊዝ አንዲት እናት መቀመጫዋን ለማሳደግ ብዛት ያለው ፊለር ከተወጋች በኋላ ሞተች። ፓርላማው በ2022 ባጸደቀው የጤና ሕግ ለውበት ወጊዎች የፈቃድ ሥርዓት እንዲዘረጋ ለሚኒስትሩ ሥልጣን ሰጥቶ ነበር። መንግሥት በኦገስት 2025 እንደዚህ ያሉ አደገኛ ሥራዎች ለተመዘገቡ የጤና ባለሙያዎች ብቻ እንደሚተው፣ ቀለል ያሉትን የሚሠሩት ደግሞ ከአካባቢ አስተዳደር ፈቃድ እንደሚያወጡ አስታወቀ። ማስታወቂያው በወጣበት ጊዜ የፈቃድ ሥርዓቱ ገና ሥራ ላይ አልዋለም ነበር።