መንገድና ውሃ በሠፈሮቻችን ታሪክ

ከተማ የሚታወቀው በአደባባዩና በሕንጻው ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን የአገራችንን ከተሞች አመሠራረት ረጋ ብለን ስንመረምር፥ ሠፈርን የሚተክሉትም የሚነቅሉትም መንገድና ውሃ ሆነው እናገኛቸዋለን። መንገድ ገበያን ይጠራል፤ ገበያም ቤትን ይጠራል። ውሃ ደግሞ በልኩ ሲሆን ሰውን ያሰፍራል፤ ከልኩ ሲያልፍ ያፈናቅላል። በዚህ ጽሑፍ አሶሳንና የቤኒሻንጉል ጉሙዝን አገር መነሻ አድርገን፥ የመንገድና የውሃ ሥራ በሰው ሠፈር ላይ ያመጣውን ለውጥ እንመለከታለን።

ቤኒሻንጉል ከጥንት ጀምሮ በወርቁ የታወቀ አገር ነው። የግብጹ ገዥ መሐመድ ዐሊ ሱዳንን ባስወረረ ጊዜ፥ ልጁ እስማኤል በ1814 ዓ.ም. ገደማ እስከ ፋዙግሊ የዘለቀው ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነበር። በዚያን ዘመን የአገሩ ነጋዴ ፊቱ ወደ ምዕራብ፥ ወደ ሱዳን ሜዳ የዞረ ነበር። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን በዳግማዊ ምኒልክ ትእዛዝ ወደዚያው ዘመቱ። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው የወሰን ውልም ቤኒሻንጉል በኢትዮጵያ በኩል መሆኑ ጸና። ከዚህ ወዲህ የግብሩና የንግዱ መንገድ ቀስ በቀስ ወደ ምሥራቅ፥ ወደ አዲስ አበባ ዞረ።

የዚህ ለውጥ አንድ ምልክት ዛሬም በዋናው ከተማችን ይገኛል። የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን በአዲስ አበባ፥ በጉለሌ በኩል፥ ትልቅ ቤት ነበራቸው፤ በዚያ አቅጣጫ ያለው ሠፈር ሸጎሌ የሚባለውም ከስማቸው የተነሣ ነው። «ሼህ ሆጀሌ» በሕዝብ አንደበት ሲመላለስ «ሸጎሌ» ሆነ። ዛሬ በታክሲ ተሳፍሮ ሸጎሌ የሚወርደው ሰው የአሶሳን ታሪክ እየጠራ መሆኑን ባያስብም፥ ስሙ ግን አልጠፋም። እንግዲህ ሠፈር ማለት የቤቶች ስብስብ ብቻ ሳይሆን የትዝታ መዝገብም ጭምር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በጠላት ወረራ ዘመን አሶሳ በኢጣልያኖች እጅ ቆይታ፥ በመጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣው ጦር ነጻ አወጣት። ከነጻነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በአዋጅ ተቋቋመና ጠቅላይ ግዛቶችን ከአዲስ አበባ ጋር የማገናኘቱ ሥራ በሰፊው ተጀመረ። ወደ አሶሳ የሚወስደው መንገድ በአምቦ፥ በነቀምቴ፥ በጊምቢ፥ በመንዲና በባምባሲ አድርጎ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ነገር ግን ይኸው ክልል በዓባይ ለሁለት የተከፈለ ስለ ሆነ፥ ከመተከል ወደ አሶሳ የሚሄድ ሰው ለብዙ ዘመን በቻግኒና በቡሬ ዞሮ፥ በነቀምቴ በኩል መውጣት ነበረበት። ካርታው ጎረቤት ያደረጋቸውን ሰዎች የመንገድ ማጣት ባዕድ አድርጓቸው ኖሯል።

በ1972 ዓ.ም. ገደማ በድርቅ የተጎዱ የወሎ ሰዎች ወደ አሶሳ አካባቢ መጥተው እንዲሠፍሩ ተደረገ። መንደሮቹ በቁጥር ተሰየሙ፤ አምባ 8፥ አምባ 14፥ መገሌ 32፥ ሰልጋ 24 የሚሉት ስሞች እስከ ዛሬ ይጠራሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም፥ ከ1977ቱ ረኃብ የተነሣ፥ በመተከል በጣና በለስ ሥራ ጊዜ የፓዊ መንደሮች በዚሁ አኳኋን በቁጥር ተተከሉ። መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም። በርታዎችና ጉሙዞች በየተራ እያረሱና እያሳደሩ፥ እያደኑና ማር እየቆረጡ ይኖሩበት ነበርና፥ የአንዱ መሥፈር ለሌላው መገፋት ሆነ። ቁጥር የተሰጠው መንደር ጥቂት ወራት በማይሞላ ጊዜ ሊሠራ ቻለ፤ ቁጥሩ ስም ሆኖ፥ መቃብርና ዕድር፥ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን፥ ሰርግና ለቅሶ ያለው ሠፈር እስኪሆን ድረስ ግን አንድ ትውልድ ፈጀ።

አሁን ወደ ውሃው እንመለስ። በመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ ወረዳ የታላቁ የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ፤ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከፍታው 145 ሜትር ሲሆን፥ እስከ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ሥራው በመጀመሪያ የመብራት ኃይል ማመንጨት ነው፤ ነገር ግን የክረምቱን ሙላት ይዞ በዓመቱ ውስጥ እያከፋፈለ ስለሚለቅ፥ የጎርፍ መከላከያም ሊሆን ይችላል። ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ የሚገናኙባት ካርቱም በ1938 እና በ1980 ዓ.ም. ክረምት በጎርፍ ተመትታ ሠፈሮቿ እንደ ፈረሱ ለሚያስታውስ ሰው፥ በጉባ የተሠራው ግንብ በካርቱም ያለውን የጭቃ ቤት ጭምር የሚመለከት መሆኑ ግልጽ ነው።

ይሁን እንጂ ሐይቁ ሲሞላ ከሥሩ የነበረው አገር ሰጥሟል። ከጉባና ከሸርቆሌ ወረዳዎች ወደ 20 ሺሕ የሚገመቱ፥ አብዛኞቹ ጉሙዝ የሆኑ ሰዎች፥ ከወንዙ ዳር ተነሥተው በሌላ ስፍራ ሠፍረዋል። እነዚህ ሰዎች ውሃው ሲሸሽ በሚቀረው እርጥብ ዳርቻ የሚዘሩ፥ ዓሣ የሚያጠምዱ፥ ወርቅ የሚያጥቡ ነበሩ። ለሌላው የአገራችን ሕዝብ ብርሃን የሆነው ውሃ ለነርሱ አሮጌውን ሠፈር የሸፈነ ውሃ ነው። ስለዚህ የግድቡን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ሜጋዋቱን ቆጥሮ ሲጨርስ፥ የእነዚህን ሰዎች ድርሻ ሳይጽፍ ብዕሩን ማስቀመጥ አይገባውም እንላለን።

ውሃን መርሳት የሚያስከትለውን ጥፋት ደግሞ የድሬዳዋ ታሪክ ያስተምረናል። ከተማይቱ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሲደርስ ነው፤ ከዚራና መጋላ የተባሉት ሁለት ሠፈሮቿ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ በመካከል አድርገው አደጉ። ወንዙ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ስለሚታይበት፥ ገበያም መኖሪያም ወደ ዳርቻው ተጠጋ። ከሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ከደጋው የዘነበው ዝናብ በሌሊት ወርዶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከዚያ በኋላ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠራ፤ ቤት ያጡትም ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ። ግንቡ የተሠራው ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑ ግን አይዘነጋም።

መንገድም በበኩሉ ሠፈርን ለሁለት ሊከፍል ይችላል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ለመኪና ታላቅ ዕረፍት ቢሆንም፥ ትናንት በእግሩ ተሻግሮ ጎረቤቱን ይጠይቅ የነበረውን ሰው መሻገሪያ ድልድይ ፍለጋ ረጅም መንገድ አስኬዶታል፤ አጥሩን ዘልሎ የተሻገረም ሕይወቱን ለአደጋ ሰጥቷል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ በፒያሳ፥ በዶሮ ማነቂያና በሌሎችም ቦታዎች የነበሩ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ፤ ጎዳናው ሰፋ፥ የእግረኛው መንገድ ተዋበ፥ ነዋሪው ግን ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደ። ይኸው ሥራ ከዋናው ከተማ ወደ ክልሎች ተዛምቷል፤ አሶሳም ከነዚህ ከተሞች አንዷ ናት።

እኛ መንገዱ አይስፋ፥ ወንዙ አይገታ አንልም። ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት በሚወርድበት በአሶሳ አገር፥ ጭቃ የዋጠው መንገድ ለወላድ እናትና ለበሽተኛ ምን ማለት እንደ ሆነ የማያውቅ የለም። የምንለው የሥራውን ቅደም ተከተል ነው። አስፋልት እንደ አፈር ውሃ አይመጥም፤ መንገዱ ከቤቶቹ ደጃፍ ከፍ ብሎ ከተሠራና የመውረጃው ቦይ ከጠበበ፥ ቀድሞ በየጓሮው ይሰርግ የነበረው ዝናብ ተሰብስቦ ዝቅ ወዳለው ሠፈር ይወርዳል። ዝቅ ባለው ስፍራ የሚኖረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ድኻው ነው። ስለዚህ መሐንዲሱ የጎዳናውን ስፋት ከመለካቱ አስቀድሞ የውሃውን መሄጃ ይለካ፤ የሠፈሩንም ሽማግሌ ይጠይቅ። ጎርፉ በየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዛፍ እንደ ደረሰ የሚያስታውሱ እነርሱ ናቸውና።

ሁለተኛም፥ የሚነሣው ቤት ብቻ አይቆጠር። ካሳ የግድግዳና የቆርቆሮ ዋጋ ሊሆን ይችላል፤ በዕድር የሚቀብረው፥ በዕቁብ የሚያበድረው፥ ልጅን በአደራ የሚጠብቀው ጎረቤት ግን በብር አይተመንም። ሰው መነሣቱ ግድ ከሆነ፥ ጎረቤት ከጎረቤት ሳይለያይ፥ ዕድሩ እንዳለ፥ ወደ አንድ ስፍራ ይዛወር፤ አሮጌው ስምም በአዲሱ ሠፈር ይጠራ። ቦታ የተሰጠው ሰው ትምህርት ቤቱ፥ ሐኪም ቤቱና የሥራው መንገድ ምን ያህል እንደሚርቅ አስቀድሞ ይነገረው።

የአሶሳ ታሪክ ያስተማረን ይህ ነው፤ አውራ ጎዳና በጥቂት ዓመታት ይሠራል፥ ግድብም በአሥራ አራት ዓመት ይጠናቀቃል፥ ሠፈር ግን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ይበቅላል። ይህን ያወቀ ባለሥልጣን በካርታው ላይ አንድ መስመር ከመሳቡ በፊት፥ መስመሩ የሚያልፍበትን ሠፈር ስሙን ይጠይቃል። መምህሩ ለተማሪዎቹ የሠፈራቸውን ታሪክ ያስጽፍ፤ ተማሪውም የአያቱን ቃል በደብተሩ ያኑር። ነገ መንገዱ ሲመጣ የተጻፈው ይቀራል፤ ያልተጻፈው ከአፈሩ ጋር አብሮ ይጠረጋል።